የመናፈሻው ትንሿ በር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ጧት።

የማጠጣት ተራው ዛሬ የኛ ቤት ነው። በላቸው ጎማውን ይዞ መናፈሻው መሀል ቆሟል። ከቤታችን ጋር ከተያያዘው ሱቄ መስኮት አየዋለሁ። ያጠጣል፣ ይስላል። ጎማውን ወደ ግራ እጁ ያዛውራል፣ ይስላል። እኔ ላጠጣ ብለው እምቢ አለኝ፤ ጽጌረዳ እጅ ይለያል ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲበይድ የኖረ ባል ስለ ጽጌረዳ ሊያስተምረኝ።

ስልኩ ጭኔ ላይ ነው። ልጃችን ሕይወት የምርመራውን ውጤት ልትሰማ ሆ/ል ሄዳለች። አብሬ ልሂድ ብዬ ነበር፤ ሁለታችንም ከጠፋን አባባ ይጠረጥራል አለችኝ። እናም ቁጭ ብዬ ዚፕ በቀለም እለያለሁ። ጥቁሩን ከቡናማው ቀላቀልኩት፣ ለየሁት፣ መልሼ ቀላቀልኩት። አንድ ልብስ ሰፊ ነጭ ክር ጠየቀኝ፣ ሰማያዊ ሰጠሁት። ሳያየው ይዞ ሄደ። ይመለሳል።

ከሰዓት።

ደወለች። ገና ሳትናገር ከትንፋሿ አወቅሁ።

ሳንባው ነው። አድጓል፣ ተዛምቷል ብሏታል ዶ/ሩ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም ደብተሬ፤ ከጻፍኩት ይቀመጣል። መድኃኒት አለው፣ ያስታግሳል ብሏል። ያድናል ግን አላለም። ስንት ጊዜ አለው ብላ ስትጠይቀው ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ አለች።

አባባ እንዳይሰማ አለችኝ። እሺ አልኳት። እኛ ዘንድ ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ ከበሽታው ይልቅ ድንጋጤው ይገድላል ይባላል። አባቴም ሳያውቅ ነው ያረፈው። ወይም እኛ ሳያውቅ ነው ብለናል።

ለምሳ ሲገባ፣ ሐኪሙ የቆየ ብርድ ነው አለ ብዬ ነገርኩት። ብርድ ከሆነማ ደህና አለና ሽሮውን በላ። ቃሪያ አምጪልኝ አለ። ጓዳ ገብቼ ቃሪያ ስፈልግ ቆየሁ። ለካ እጄ ላይ ነው።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 20።

እንቅልፍ የለም። ሥራም የለም። መናፈሻውን አያለሁ።

ይቺ ቦታ እስካለፈው ክረምት ድረስ ሜዳ ነበረች። ግማሿ ቆሻሻ፣ ግማሿ ኳስ መጫወቻ። የኅዳር ዕለት ቆሻሻ የምናቃጥለው እዚያ፤ ሰው ሲሞት የእድራችንን ድንኳን የምንተክለውም እዚያው። ነሐሴ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አጸዳት። ሣር ተከልን፣ አጠርናት። አሁን ከአውቶቡስ ተራ በኩል የሚመጡ ተሸካሚዎች ጫማቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ሣሩ ላይ ያሳርፋሉ። ሽማግሌዎች በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ባለሱቆቹ ሴቶች ምሳቸውን ቋጥረው ይመጣሉ። ስንት ዓመት አፍንጫችንን ይዘን ያለፍንበት ቦታ። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ ሳያት ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ለድንኳን የሚሆን ቦታ የለም።

ያኔ ስንሰበሰብ የእድራችን ሰብሳቢ ሐጂ ሰይድ፣ ድንኳኑስ ብለው ጀምረው ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ተነሣንባቸው። ለመናፈሻ ተሰብስበን የምን ድንኳን፣ ሟርት ነው እንዴ ሐጂ። ተሳቀ። እሳቸውም ሳቁና ተዉት። በላቸው ዝም ብሎ መሬቱን በእርምጃ ይለካ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳውም፤ ስለ አበባ እየተወራ ማን ሞት ያነሳል። መሀሏን በአግዳሚ ወንበር ሞላናት። ወንበሮቹ በሲሚንቶ ይቀበሩ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ያለዚያ በማግስቱ ተነቅለው ምን አለሽ ተራ ለብረት ይሸጣሉ ብዬ። ብየዳውንም ተከላውንም በላቸው ሠራው። የሱ ብየዳ ቤት ምን አለሽ ተራ አይደል፤ የሌባውንም የገዢውንም ጠባይ ያውቃል።

አሁን የሱ ድንኳን የት...

ይኸው፣ ጻፍኩት። ሰውዬው እዚያ ማዶ ቆሞ ውሃ ይጠጣል፣ እኔ የድንኳኑን ቦታ እፈልግለታለሁ። አፌን በመዳፌ መታሁት። አንዷ ደንበኛዬ አይታኝ ጥርስሽን ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22።

ጥበቃው ጋሽ ደምሴ ዛሬም በትንሿ በር ተነጫነጩ። ትልቁ በር በአስፋልቱ በኩል ነው። በላቸው ግን በኛ በኩል፣ ልክ ከቤታችን ደጃፍ ፊት ለፊት፣ ሌላ ትንሽ በር ሠርቷል። ይቺን ለምታህል ቦታ ሁለት በር ምን ይሠራል ይላሉ ጋሽ ደምሴ፤ ሌባ በአንዱ ሲያሳድዱት በሌላው ይወጣል። መስከረም ላይ ሲሠራትም ብዙ ተብሎ ነበር። በላቸው በነገር የማይሟገት ሰው፣ በዚያች በር ግን ድርቅ አለ። የውሃ ጎማ ማሳለፊያ ናት አለ። ሰው ሰለቸውና ተወው።

እኔም ነገሩ አልገባኝ ብሎ አልገባባትም። በዚህ በሚያመኝ ጉልበቴ በትልቁ በር ዞሬ እሄዳለሁ። ዛሬ አየኝና በሩ እዚህ፣ ምን ያዞርሻል አለኝ። ለጎማ በተሠራ በር ሰው አይገባም አልኩት። ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ሳሉ ያዘው፣ አጥሩን ተደግፎ ቆየ። ሁለተኛ አላስቀውም።

ድሮም የማይነግረኝ ነገር አያጣም። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ብረት ልገዛ ብሎ የክት ልብሱን ለብሶ ወጣ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። ለብረት ነው ለሴት እንዲህ የተሽሞነሞንከው እያልኩ ስንት ቀን ሳቅሁበት። አሁን ያ ሳቅ ናፈቀኝ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25።

መድኃኒት ጀመረ። ሕይወት ከጠርሙሱ ላይ ወረቀቱን ልጣ አነሳችው። ለብርዱ ነው አልነው። ዋጠው።

አልጠየቀም። ቲማቲም ሻጯን ከየት መጣ፣ መቼ ተለቀመ እያለ የሚያደርቃት ሰው፣ ስለ ገዛ ሳንባው አንድ ነገር አይጠይቅም። ይሄ ነው ከሁሉ የሚያስፈራኝ። ቢጠይቀኝ እዋሸው ነበር። ዝም ሲለኝ ምን አደርጋለሁ።


እሑድ፣ ጥቅምት 30።

ራጉኤል ሄድኩ። የነፍስ አባታችንን ልጠይቃቸው ነበር፣ ይነገረው ወይስ አይነገረው ብዬ። ሰው ከቧቸዋል። ጥግ ይዤ ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ ጉልበቴን ያመኛል አልኳቸው። ጸበል ጠጪ፣ ተቀቢውም አሉኝ።

ስመለስ ታች ሰፈር አስፋልት ዳር ድንኳን ተተክሏል። ቦታ አጥተው ግማሽ መንገድ ይዘዋል። የጭነት መኪናው ጡሩምባውን ይነፋል፣ ሾፌሩ በመስኮት ይሳደባል፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። ባሏ የሞተባት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ታልቅስ ትሳል አልለየሁም። ሊያጽናናት የመጣ ሰው መኪና እስኪያልፍ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። ዐይኗን ጨፍናለች። ቆሜ አየኋት፣ ከዚያ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ።

እሷ ቦታ ላይ ተቀምጬ የታየሁኝ እኔው ራሴ ነበርኩ። የምፈራው የሱን መሄድ ነው ወይስ እዚያ አስፋልት ላይ መቀመጤን? ሁለቱንም። አንቺን አልዋሽም ደብተሬ። ነገ ከነገ ወዲያ ሐጂ ሰይድን አነጋግራለሁ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 2።

ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ጨርቅ ነው የሚሸጡት፣ ከኛ ሁለት መደዳ አልፎ። ከወንበሮቹ የተወሰኑት ይነቀሉና ለድንኳን ቦታ ይከፈት ልላቸው ነው። መንገድ ላይ ስለማመደው ሄድኩ።

ሲያዩኝ ግን ምነው ሙሉ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም፣ በላቸው ደህና ነው ወይ አሉኝ።

ይኸው፣ የፈራሁት። ድንኳን ካልኩ ለማን ይሉኛል። ለማን ካሉኝ እንባዬ ይመጣል። ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በማግስቱ አንዱ ከአንጀቱ አዝኖ እሱው ፊት አይዞህ ይለዋል። ድንኳኑን ሳስተካክል ሰውዬውን ልገድለው ነው።

መርፌ አለዎት ወይ አልኳቸው። መርፌ። እሳቸው መርፌ የሚገዙት ከኔ ሱቅ ነው። አዩኝ። ከዚያ ከኮታቸው ላይ ክር ያለባትን አንዲት መርፌ ነቅለው ሰጡኝ። አልሳቁብኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6።

ጥሩ ቀን። ልጻፈው፤ ክፉ ክፉውን ብቻ ከጻፍኩ ኋላ ጥሩ ቀን አልነበረንም እላለሁ።

ከሰዓት ፀሐይ ነው። በላቸው ከተሸካሚዎቹ ጋር ዳማ ይጫወታል። ያጭበረብራል። ሲይዙት ቆርኪዋን ከእጅጌው ያወጣና እሷ ናት የገባችው፣ እኔ ምን ላድርግ ይላል። ሰው ይንከተከታል። አንዲት ነፍሰ ጡር ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሣሩ ላይ ዘርግታለች። ጋሽ ደምሴ እንኳ ፊታቸው ተፈትቷል። ሱቁን ክፍት ትቼ ወጣሁና አጥሩ ጋ ቆሜ ሳቅሁ።

ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቷል። እያየሁት እንኳ ትንሽ ጊዜ ምንም አልፈራሁም። ትዝ ሲለኝ ደግሞ አለመፍራቴ አስፈራኝ። ጠባቂ ሆኜ የተኛሁ መሰለኝ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12።

ኅዳር ሚካኤል። ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን። ጭሱ በሽታ ያባርራል ተብሎ ነው ከጥንት። በኛ በኩል ዘንድሮ የሚቃጠል የለም፣ ቦታዋ ሣር ሆናለች። ሌላው ሰፈር ግን አጨሰ፤ ጎማ ሳይቀር፣ ፌስታል ሳይቀር። ከሰዓት በኋላ ጭሱ መጣና መናፈሻው ላይ ተኛ። ጽጌረዳዎቹ አይታዩም።

በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን በጨርቅ ወተፍኩ። በሽታ የሚያባርረው ጭስ ባሌን ሊነጥቀኝ። ሲስል መሀረቡን አፉ ላይ ያዘ፤ ሲጨርስ ውስጡን እንዳላይ ቀስ ብሎ አጠፈና ኪሱ ከተተው። ፈገግ አለልኝ። ቧንቧው ሥር ሲያጥበው ግን የሚወርደውን ውሃ አየሁት። ቀይ ነበር።

ሚካኤልን ምን ብዬ እንደምለምነው ጠፋኝ። ስሙን ብቻ ጠራሁ። ደጋግሜ ጠራሁ።


ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጧት።

ጎህ ሲቀድ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር እጄን ሰድጄ ደረቱን መንካት ነው። ይተነፍሳል። ነቅቷል። እጄን ያዘና ማን ይሆን አለኝ። አንተ አይደለህም አልኩ በሆዴ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰው ሞቶ ደስ አለኝ።

ለፋፊው ስማቸውን ጠራ። እማማ ጥሩነሽ ናቸው፣ የሰፈራችን ትልቋ፣ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። በላቸው ተነሥቶ ለበሰ። አትውጣ፣ ብርዱ አልኩት። የመሣሪያ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣ። ለለቅሶ የምን መሣሪያ።

ከሰዓት።

 በተርታ ልጻፈው።

የእድሩ ወንዶች ሸራውንና የድንኳኑን ብረቶች በጋሪ አምጥተው ትልቁ በር ላይ ቆሙ። አጥሩን ያያሉ፣ ወንበሮቹን ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያኔ የሳቅነው ሴቶች አንገታችንን ደፍተናል። አንዱ አስፋልቱ ላይ ይሁን አለ። ሐጂ ሰይድ ላብ አጥምቋቸዋል። የእማማ ጥሩነሽ ልጆች እያዩ ነው።

በላቸው መጣ።  ከመጀመሪያው ወንበር ሥር ተንበረከከ፣ የእግሩን ቡሎን በመፍቻ ፈታ፣ አንሡት አለ። ወጣቶቹ አነሡት። በሲሚንቶ ተቀብሯል ያልነው ወንበር በቡሎን ነው የቆመው። ቡሎኖቹን እንዳይታዩ በላያቸው ሲሚንቶ የመሰለ ቀለም ቀብቷቸዋል። ወንበሩ ከተነሣበት መሬት ላይ የብረት ክዳን አለ። ከፈተው። ውስጡ የተቀበረ ቱቦ ነው። የድንኳኑን ቋሚ አስገባበት። ልክ ነው፣ አይነቃነቅም። ሁለተኛውም ወንበር እንደዚያው። ሦስተኛውም። መናፈሻችን ከነሣሩ፣ ከነጽጌረዳው ድንኳን መትከያ ሆኖ ቁጭ።

 ከዚያ ምርቃቱ። ሐጂ ግንባሩን ሳሙትና መቼ ነው ይሄን ያሰብከው አሉት። እናንተ ስትስቁ አላቸው። የሚስቅ ጠፋ።

ሸራው ሲወጣ አንዱ፣ የድንኳኑ አፍ ወደ ኋላ ዞረ፣ ለቀስተኛው የሚመጣው በአስፋልቱ አይደለም ወይ አለ። ቱቦዎቹ የተቀበሩት የድንኳኑ አፍ በኛ በኩል እንዲሆን ነው። በላቸው ለዝናብ ነው፣ መሬቱ ወደዚያ ያዘቀዝቃል አለ። አያዘቀዝቅም። በየተራችን ሲያጠጣው አይቻለሁ፤ ውሃው የፈሰሰበት ይቆማል እንጂ የትም አይሄድም።

ወደ ሱቄ ተመለስኩ፣ ነጠላ ልለብስ። መስኮቱ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። የቤቴ ደጃፍ። ትንሿ በር። የድንኳኑ አፍ። ቀጥ ያለ መስመር ናቸው። ደረጃ የለም፣ መዞር የለም፣ መኪና የለም። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ሁለት ሰው ደግፏት የምትወጣበት መንገድ ነው።

የእማማ ጥሩነሽ ቤት በአስፋልቱ ማዶ ነው።

ከድንኳኑ ውስጥ ሆኖ እያየኝ ነበር። ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። እሱ ነው ቀድሞ ያቀረቀረው። ቡሎኖቹን ከሣሩ ላይ እየለቀመ ኪሱ ከተተ።

በሯን የሠራት መስከረም ላይ ነው። ሕይወትና እኔ የሰማነው ጥቅምት። ነሐሴ ላይ የክት ልብሱን ለብሶ የወጣው ብረት ሊገዛ አልነበረም። ብቻውን ሐኪም ዘንድ ሄዷል፣ ብቻውን ሰምቷል፣ ብቻውን ተመልሷል። እኔ በሴት እየጠረጠርኩ ሳቅሁበት። እሱ መሬት እየለካ ነበር።


ሐሙስ፣ ኅዳር 18።

ሠልስቱ ትናንት ወጣ። ድንኳኑ ተነቀለ። ሦስቱንም ቀን እንጀራና ወጥ ስናመላልስ በትልቁ በር ነው የዞርኩት። ጉልበቴ አብጧል። ሕይወት ትንሿ በር እዚህ አይደለችም ወይ እማዬ አለችኝ። ትሪው አይገባም አልኳት። ይገባል። ያቺን በር ሳያት እግሬ አልታዘዝ ይለኛል። በነጠላ ተከናንቤ፣ ሰው ብብቴን ይዞኝ ስገባባት ይታየኛል።

ለሕይወት ያውቃል አልኳት። ማን ነገረው ብላ ጮኸች። በሩ ነው ልላት ነበር፣ ተውኩት። አትንገሪው፣ አታውጪው አለች። ልጄ ትፈራለች። እኔም እንደሷ ነኝ። ከነገርኩት በኋላ እንዴት እንደሚነጋ አላውቅም። ግን በአንድ አልጋ ላይ እሱ እኔን እየደበቀኝ፣ እኔ እሱን እየደበቅሁት ጣሪያ እናያለን። እሱ ደግሞ ከኔ በፊት ጀምሮ ነው።

ወንበሮቹን እየመለሰ ነው። አየዋለሁ። አንዱን ቡሎን ይጠመዝዝና ያርፋል። አንዱን ይጠመዝዝና ያርፋል። የመጨረሻውን ወንበር መልሶ ተቀመጠበት። ቀና ብሎ ወደዚህ አየ። ውሃው መጥቷል፣ ጎማውን አቀብዪኝ ይላል።

አውቃለሁ እለዋለሁ። ሌላ ቃል አላዘጋጀሁም። ከዚያ ወይ እናለቅሳለን ወይ እናጠጣለን።

ያቺን በር የሠራልኝ ለለቅሶው ቀን ነው። መጀመሪያ የምገባባት ግን ያን ቀን አይሆንም። ዛሬ ነው፣ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እያየኝ። ሱቁን ልዝጋ።